የማይበላው ፈረስ

በደጋው አገራችን በሬ ገደል ሲገባ ጎረቤት ቢላዋ ይዞ ይደርሳል። ነፍሱ ሳትወጣ ከተባረከ ሥጋው ይመደባል፤ መደቡን ያነሣ ሁሉ ለባለበሬው ይከፍላል። እኔ ይህንን ፎርምና ማኅተም የሌለው መድን እለዋለሁ።

ፈረስ ግን አይበላም። የዘመሮ ገበሬ ጭነት የሚያመላልስበት ፈረሱ እግሩን የተሰበረ ዕለት ኪሳራው የብቻው ነው። ጎረቤት ቢመጣ «እግዜር ይተካ» ብሎ ይመለሳል።

ዘመናዊው መድንስ? ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በ2004 ዓ.ም በቦረና የጀመረው የእንስሳት መድን የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ የሚከፍል ነው። የተዘጋጀው ለግመል፣ ለቀንድ ከብት፣ ለበግና ለፍየል ነው፤ ፈረስ የለበትም። ቢኖርበትስ? ሳተላይቱ ድርቅን ያያል እንጂ ገደል የገባውን አንድ ፈረስ አያይም። ለቆላ አርብቶ አደር የተሰፋውን ልብስ ለመንዝ ገደላገደል ማልበስ አይሆንም።

ስለዚህ ነገ አንዱ ድርጅት «ፈረስህን መድን ግባለት» ቢል፣ ባለፈረሱ ከአረቦኑ በፊት ሽፋኑን ይጠይቅ። ሞት ብቻ ነው ወይስ አንካሳ ሆኖ መቅረትም አለበት? ስርቆትስ? ጅብስ? አሟሟቱን የሚመሰክረው ሐኪም ከየት ይመጣል? የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ላረጀ ፈረስ የጎረምሳ ዋጋ አይጠበቅም ማለት ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ያልተጻፈውን አንብቡ» እል ነበር። በመድን ውል ግን ያልተጻፈው አይከፈልም።

እስከዚያው ለሰው ቀብር የሚያዋጣው እድር ለፈረስም ጥቂት ሣንቲም ቢለይ ምናለበት? ሥጋ ባይካፈሉ ጉዳት ይካፈላሉ።