«አይሠራም!»

አክስቴ ቡሬ ገጠር ያረፈች ዕለት እኔ ፍኖተ ሰላም ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ስልኬ ባትሪው አልቆ ኪሴ ውስጥ ተኝቷል። የደረስኩት ለሠልስት ነው። «ደወልንልህ እኮ፣ አይሠራም!» አሉኝ።

እርግጥ መስመሩም ፈተና ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶብን ነበር፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለዚህ የዘጋው ይጠየቅ። የእኛ ጥፋት ግን ሌላ ነው። ድሮ መርዶ በሰው እግር፣ ያውም በዘዴ፣ ጎህ ሳይቀድ ይመጣ ነበር። ዛሬ አንዴ ደውለን «አይሠራም» ካልን ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። ጎበዝ፣ ስልክ ሲዘጋ እግራችንም አብሮ ይዘጋል እንዴ?

እኔም ብሆን አክስቴ ታማ ሳለች «እደውላለሁ» እያልኩ ነው የከረምኩት። ቡሬ ለመሄድ ባትሪ አያስፈልግም ነበር።