ያልወሰድነው ጉልበት

ሮተሪ ሞተር ያላት መኪና ይዞ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስንት የፈረስ ጉልበት ይወጣታል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነውና። እኔ ግን በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር የሙያው ክብደት ሌላ ቦታ እንዳለ ይበልጥ እያመንኩ መጥቻለሁ። የሮተሪን ኮምፒዩተር የሚያስተካክል ሰው ከሞተሩ ባወጣው ጉልበት ይመዘናል፤ ማውጣት እየቻለ በተወው ደግሞ ከዚያ በላይ ይመዘናል። ምክንያቱ ያለው ሞተሩ ውስጥ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ብዙዎቻችን የለመድነው ሞተር ፒስተን አለው። ፒስተኑ ይወጣል ይወርዳል፣ ቫልቮቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል ያሰበው ሮተሪ ሞተር ግን ፒስተንም ቫልቭም የለውም። ጎኖቹ ሆድ ያወጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። ሮተሩ አንዴ ሲዞር ዘንጉ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሦስቱ የሮተሩ ፊቶችም በየተራ አየርና ቤንዚን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ያስወጣሉ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ጫፍ ላይ አፔክስ ሲል የምንለው ቀጭን ዘንግ ተሰክቷል። ከሥሩ በሞላ እየተገፋ ግድግዳውን ሳይለቅ ይንሸራተታል፤ በፒስተን ሞተር ላይ ፋሻ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

የዚህ ሞተር ታሪክ በአብዛኛው የዚህች ቀጭን ዘንግ ታሪክ ነው። ሂሮሺማ ያለው ማዝዳ የሞተሩን ፈቃድ ከጀርመኑ ኤንኤስዩ ወስዶ ሥራ ሲጀምር ሲሉ እየተንቀጠቀጠ የቤቱን ግድግዳ ይቧጭር ነበር። መሐንዲሶቹ ያንን ጭረት የሰይጣን ጥፍር አሉት። በኬኒቺ ያማሞቶ የተመራው ቡድን ከብዙ ሙከራ በኋላ ከካርቦንና ከአልሙኒየም ውህድ የተሠራ ሲል አገኘ፤ ይህን ሞተር የያዘችው የማዝዳ መኪና ኮስሞ ስፖርትም እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ላይ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ቁሱም ቅርጹም ብዙ ተሻሽሏል። ሆኖም የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰንበት ቦታ ዛሬም እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

በእኔ እጅ ደጋግማ የምታልፈው መኪና ኤፍዲ የምንላት የማዝዳ አርኤክስ-7 ሦስተኛ ትውልድ ናት። ከእ.ኤ.አ. 1991 መጨረሻ እስከ 2002 ተመርታለች። ሞተሯ 13ቢ ነው፤ ሁለት ሮተር አለው፣ እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1,308። ሁለት ቱርቦዎች ተከትለው ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ከታች ጀምሮ ይነፋል፣ ሁለተኛው ወደ 4,500 ዙር ገደማ ሲደርስ ይቀላቀለዋል። አሜሪካ ስትገባ 255 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በዚህች ትንሽ ሞተር ላይ ሰው ሰፋ ያለ ማርሚታ፣ ትልቅ ኢንተርኩለር፣ ትልቅ ቱርቦ ሲጨምር ብዙ አየር ይገባል። የፋብሪካው ኮምፒዩተር ግን የተሰናዳው ለፋብሪካው አየር ነው። ባለቤቱ ላፕቶፕ ሰክቶ ቁጥሮቹን እንዲለውጥም ታስቦ አልተሠራም። ስለዚህ አውጥተን ሌላ እንተካለን፦ የጃፓኑን አፔክሲ ፓወር ኤፍሲ፣ የአውስትራሊያውን ሃልቴክ፣ የኒውዚላንዱን ሊንክ ወይም ሌላ።

የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ልብ ማፕ የምንለው ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል በመሳቢያው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ተደርድሯል። በፓወር ኤፍሲ ሃያ በሃያ ነው፤ አራት መቶ ሳጥን። ለቤንዚን አንድ ሠንጠረዥ አለ፣ ካንዴላው እሳት ለሚሰጥበት ቅጽበት ሌላ። ሮተሪ ላይ የእሳቱ ሠንጠረዥ ራሱ እጥፍ ነው። የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ጠባብ በመሆኑ አንድ ካንዴላ አይበቃውም፤ ለእያንዳንዱ ሮተር ቀዳሚና ተከታይ የምንላቸው ሁለት ካንዴላዎች አሉት። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት የአስተካካዩ ውሳኔ ነው። ልዩነቱን ስታጠብበው ትንሽ ጉልበት ታገኛለህ፤ ግፊቱም ሙቀቱም አብሮ ይወጣል።

ሞተሩ የሚያንኳኳው ግፊትና ሙቀት ከልክ ሲያልፉ ነው። በሰዓቱ መቃጠል የነበረበት ድብልቅ ራሱን በራሱ ያፈነዳል። ደህና የፒስተን ሞተር ሲያንኳኳ ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ ድምፁን ትሰማለህ፣ እግርህን ታነሳለህ፣ ሞተሩ ይተርፋል። ቱርቦ ያለው ሮተሪ ግን ይህን ፋታ ላይሰጥ ይችላል። አንድ ኃይለኛ ፍንዳታ አፔክስ ሲሉን ሊሰነጥቀው ይበቃል። የተሰበረችው ቁራጭ ግድግዳውን እየፋቀች በጭስ መውጫው ታልፍና የቱርቦውን ክንፍ ትመታለች። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ፣ ቤቱና ቱርቦው አብረው ሄዱ ማለት ነው። ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ላይ የተገኘችው ተጨማሪ ጉልበት ይህን ዋጋ አትከፍልም።

በዚህ ምክንያት ላፕቶፔን ከመክፈቴ በፊት የምሠራው ሥራ ብዙ ነው። የሦስቱን የሮተር ፊቶች እመቃ ለየብቻ በሚያነብ መሣሪያ ሞተሩን እለካለሁ፤ ተራ የፒስተን መለኪያ ከሦስቱ ትልቁን ብቻ ይዞ ደካማውን ይደብቃል። የቤንዚኑ ግፊት ቡስት ከምንለው፣ ቱርቦው ከሚጨምረው የአየር ግፊት ጋር እኩል መውጣቱን አያለሁ። የአየር ፍንጣቂ እፈልጋለሁ። የዘይት መርጫውን እመረምራለሁ፤ ይህ ሞተር ሲሎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ጥቂት ዘይት ያቃጥላልና፣ ያ ዘይት ከቀረ ማፑ ምንም ቢያምር ሲሎቹ ያልቃሉ። የግፊቱና የሙቀቱ ሴንሰሮች እውነት መናገራቸውን አረጋግጣለሁ። ኮምፒዩተሩ አየሩን በዓይኑ አያየውም፤ ሴንሰር የነገረውን ያምናል። በተሳሳተ ንባብ ላይ የተሠራ ማፕ በሌላ ቀን፣ በሌላ የአየር ሁኔታ ስህተቱ ይወጣል።

ከዚያ ከታች እጀምራለሁ። ሞተሩ ሳይጨነቅ ሲዞር፣ ከዚያ በቀስታ ሲነዳ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ቡስት። ኤፍዲ ላይ አራት ኢንጀክተሮች አሉ፦ ለሞተሩ ቅርብ የሆኑት ሁለቱ 550 ሲሲ፣ ራቅ ያሉት ሁለቱ 850 ሲሲ በደቂቃ ይረጫሉ። በትንሽ ጭነት የቅርቦቹ ብቻ ይሠራሉ፤ ጭነቱ ሲጨምር የሩቆቹ ይቀላቀላሉ። ያች መቀላቀያ ቅጽበት ትዕግሥት ትፈልጋለች። ከሩቅ የሚረጨው ቤንዚን ሮተሩ ዘንድ እስኪደርስ ድብልቁ ሊሳሳ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ቡስቱ መውጣት በጀመረበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ሲያሳድድ ይህችን ቦታ ሮጦ ያልፋታል። እኔ ከሁሉ የምዘገየው እዚህ ነው።

የሚቃጠለውን ድብልቅ የምናነበው ጭስ መውጫው ላይ በሚገጠም ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ንጹሕ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል። ቱርቦ ያለው ሮተሪ በሙሉ ቡስት ላይ ሲሆን ወደ 11 እናወርደዋለን፤ ትርፉ ቤንዚን ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅን ነው። ሮተሪ በቀስታ ሲዞር ድብልቁ አንዳንዴ ሳይቃጠል ያልፋል፤ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሴንሰሩን ሲነካው ቤንዚን ያነሰ ያስመስላል። ቁጥሩን ብቻ የሚያምን ሰው ቤንዚን ይጨምራል፣ ሞተሩ ይብስበታል። ድምፁን፣ ሽታውን፣ የጭሱን ሙቀትና የካንዴላውን መልክ ከቁጥሩ ጋር የሚያገናዝብ ሰው ግን ምን እንደሆነ ይገባዋል። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ እውቀት አይደለም፤ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ መማርን ይጠይቃል።

እኔ የምሠራው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ዴንቨርና ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ የኖረ መካኒክ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ እዚያ ደግሞ አየሩ ከዚህም ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ ዴንቨር ላይ ወደ 83 ይወርዳል። የቡስት ጌጅ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ማያሚ ላይ 70 ኪሎፓስካል ሲል ሞተሩ 171 እያገኘ ነው፤ እዚህ 70 ሲል የሚያገኘው 153 ነው። እዚህም 171 ይድረስ ካልን ቱርቦው የውጭውን አየር ከእጥፍ በላይ ማመቅ አለበት፤ ማያሚ ላይ ግን 1.7 እጥፍ ገደማ ይበቃዋል። ቱርቦው ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየርም ይግላል። በዚያ ላይ በእኛ ማደያዎች በአብዛኛው የሚገኘው ምርጡ ቤንዚን 91 ኦክቴን ነው፤ በብዙ የምሥራቅ ግዛቶች 93 ይገኛል። የጋለ አየርና ዝቅ ያለ ኦክቴን አንድ ላይ ሲመጡ ሞተሩን ወደ ማንኳኳት ይገፉታል።

አንድ አውሮራ ያደገ የእኛ ልጅ የባሕር ዳርቻ ከተማ ማፕ ከጓደኛው ተቀብሎ መኪናው ላይ ጭኖ መጣ። «ጋሼ፣ እሱ መኪና ላይ እኮ በደንብ ይሠራል» አለኝ። «እሱ መኪና ላይ ይሠራል፣ የኔ ልጅ» አልኩት። የሌላ ሰው ማፕ የሌላ ሰው መነጽር ነው፤ ለእሱ ልክ የሆነው ለሌላው ዓይን ይጎዳል። አብረን የመዘገበውን መረጃ ከፈትነው። በሙሉ ቡስት ላይ የሚገባው አየር እየጋለ እሳቱ አሁንም ለ93 ኦክቴን በተሰላው ቅጽበት ይሰጥ ነበር። እሳቱን ወደ ኋላ መለስን፣ ቡስቱን ቀነስን፣ አየሩ ሲግል ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲያፈገፍግ የሚያደርገውን ሠንጠረዥ ሞላን። ዳይኖው የሰጠን ቁጥር ከጓደኛው አነሰ። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ከፋው፤ እያንዳንዱን ውሳኔ ከነምክንያቱ ሳሳየው ግን ጥያቄው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሁሉ ሞተሩ እንዴት እንደሚጠበቅ ነበር።

መጠንን ማወቅ ጉልበት ላነሰው ብቻ የሚመከር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ማዝዳ 787ቢ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈች፤ ለጃፓን አምራች የመጀመሪያው ድል ነበር። አራት ሮተሮች ነበሯት፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ካንዴላ፣ ሲሎቿም ከሴራሚክ የተሠሩ ነበሩ። ያ ሞተር ከሮጠበት ዙር በላይ መሽከርከርና ብዙ ጉልበት መስጠት ይችል ነበር። መሐንዲሶቹ እስከ ንጋትና ከዚያም በኋላ እንዲቆይ ብለው ገደቡት፤ ያ ገደብም አሸናፊ አደረጋቸው። በዓለም ላይ ሮተሪን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ትርፍ ካስቀመጡ፣ እኛ በመንገድ መኪና ላይ የምንተውበት ምክንያት ይበልጣል። የመንገድ መኪና በአንድ ወጥ ቀን አይነዳም። በሐምሌ ሙቀት በትራፊክ መሐል ይቆማል፣ ከማያውቀው ማደያ ይቀዳል፣ ወደ ፓይክስ ፒክ ሲወጣ ከ4,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ማፑ ለእነዚህ ቀናት ሁሉ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ መልሱ የሚገኘው ደግሞ ከተውነው ትርፍ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ስጨርስ ለባለቤቱ ከቁልፉ ጋር ማፑን በፋይል አስረክባለሁ፤ የተመዘገበውን መረጃ፣ የተጠቀምኩትን ቤንዚንና የዕለቱን የአየር ሙቀት አብሬ እጽፋለሁ። የቤንዚን ግፊት ሲወርድ ወይም ድብልቁ ሲሳሳ ኮምፒዩተሩ ቡስቱን እንዲቆርጥ አዝዤው ነው የምለቀው። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢከፍተው የት እንደቆምኩና ለምን እንደቆምኩ ማየት አለበት። ሥራውን ቆልፎ የሚደብቅ አስተካካይ ባለቤቱን ለራሱ መኪና እንግዳ ያደርገዋል፤ ለሙያውም አይበጅም።

ሮተሪ ገዝታችሁ ባለሙያ የምትፈልጉ ወጣቶች፣ የፈረስ ጉልበቱን መጠየቃችሁ አይቀርም፣ ጠይቁ። ከዚያ ግን አንድ ጨምሩ፦ «ምን ያህል ተውክ? ለምን?» በሉት። በተመዘገበ መረጃ እያሳየ፣ ከሞተራችሁ፣ ከቤንዚናችሁና ከምትነዱበት ከፍታ ጋር እያያያዘ የሚመልስላችሁን ሰው ስታገኙ መኪናችሁን ስጡት። መልስ የሌለው ሰው ያወጣው ቁጥር ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ሞተራችሁን አታስነኩት።