ጀማሪና ጓደኞቹ

ጎልፍን ከሩቅ ሲያዩት እንደሱ ያለ ቀላል ጨዋታ የለም። ኳሷ አትሮጥም፤ መሬት ላይ ተቀምጣ የሚመታትን ትጠብቃለች። የሚጋፋ ተከላካይ የለም፣ ከኋላ የሚጠልፍ የለም። ዱላውን አንስቶ መምታት ነው፣ አለቀ። ጣጣው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። እግር ኳስ ላይ የሳተ ሰው “አቀባዩ ነው ያበላሸው” ይላል፤ “ሜዳው ነው”፣ “ገፍተውኝ ነው” ይላል። ክብደቷ 46 ግራም እንኳ የማይሞላ፣ ቆማ የምትጠብቅ ኳስ የሳተ ሰውስ በማን ያሳብባል? ከኋላው ደግሞ ጓደኞቹ ቆመዋል!

እስቲ ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ዱላ ተውሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የወጣ አንድ ሰው እናስብ። ቦታው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ይሁን። እዚያ ጎልፍ የአምባሳደርና የባለሀብት ብቻ አይደለም፤ ከፍሎ የገባ ሁሉ የሚጫወትባቸው የሕዝብ ሜዳዎች አሉ። እናላችሁ፣ ሰውየው ዱላውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በሙሉ ኃይሉ ወረደበት። ኳሷ ግን እዚያው ናት። የመታው ነፋስ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዓይነት ጓደኛ ይታያል። አንደኛው ሳቂው ነው፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ከቻለም በስልኩ ይቀርጻል። ሁለተኛው መካሪው ነው። “ጉልበትህን እጠፍ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ራስህን አታንሳ፣ ደግሞ ዘና በል!” ይላል፣ ባንድ ትንፋሽ። እንዲህ ታዞ ዘና ያለ ሰው ካለ እስቲ ይምጣ። መካሪው ራሱ አምና የጀመረ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሦስተኛው አዛኙ ነው። “ግዴለም፣ ይቺን አንቆጥራትም” ይልና ኳሷን ዘጠኝ ጊዜ መትቶ ጉድጓድ ያስገባትን ሰው “ስድስት” ብሎ ይጽፍለታል።

“ታዲያ ጨዋታ አይደል እንዴ? ቢሳቅስ?” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እኛም ብንሆን ጌታው ከሎሌው ጋር ተጋፍቶ የማይቆጣበት የገና ጨዋታ ባለቤቶች ነን። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከነዚህ ከሦስቱ ሰውየውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመልሰው የትኛው ነው?

የጨዋታው ደንብ ከጓደኞቹ የተሻለ አስቦለታል። ከሚታወቁት የጎልፍ ደንቦች የመጀመሪያው በ1744 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኤዲንብራ አጠገብ፣ ሊዝ በተባለ ቦታ ሲጻፍ 13 አንቀጽ ብቻ ነበር። የዛሬው በጣም ሰፊ ነው። በዛሬው ደንብ መሠረት በውድድር ላይ ለተፎካካሪ “እንዲህ ብለህ ምታ” ብሎ መምከር ክልክል ነው፤ በምት ቆጠራ ውድድር መካሪው ሁለት ምት ይቀጣል። በጓደኛሞች የቅዳሜ ጨዋታ ላይ ይሄ ቅጣት ቢሠራ ኖሮ ስንቱ መካሪ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባ ነበር!

ሐዘኔታውንም ደንቡ አያውቀውም። ኳሷን ሊመታ ወርውሮ የሳተ ሰው፣ ሳተም መታም አንድ ምት ይቆጠርበታል። ጭካኔ ይመስላል፣ አይደል? ግን እዚያው አጠገቡ ሃንዲካፕ የሚሉት አሠራር አለ። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙ ጊዜ በ72 ምት ያልቃል ተብሎ ይታሰባል። ለደካማው ተጫዋች ታዲያ ካስመዘገበው ውጤት ተሰልቶ የሚቀነስለት ምት ይሰጠዋል። ከ2020 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተዘረጋው አሠራር የሃንዲካፕ ጣሪያው 54 ነው። ይህም በየጉድጓዱ ሦስት ምት ማለት ነው። የሜዳውን ክብደት ለጊዜው እንተወውና፣ 126 ጊዜ መትቶ የጨረሰ ባለ 54 ሰው 72 እንደመታ ይቆጠርለታል። ከጎበዙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጠመ ማለት ነው።

ይሄኔ አዛኙ ጓደኛችን “ያው ነው፣ እኔም ቀነስኩለት” ሊል ይችላል። አይደለም! ሃንዲካፕ የሚሰላው ከሐቁ ነው። ዘጠኙን ስድስት ብለህ ከጻፍክለት፣ ነገ በደንቡ መሠረት የሚገባውን ምት ነው የቀማኸው። ጎበዝ አስመስለህ ዕርዳታውን አስቀረህበት። ቦቢ ጆንስ የሚባለው ስመ ጥር ተጫዋች በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ላይ፣ ሌላ ሰው ያላየውን የኳስ መነቃነቅ ራሱ ተናግሮ አንድ ምት አስቆጠረ፤ በመጨረሻም ከባላጋራው ጋር እኩል ወጥቶ በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ለዚያ ጌታ ያላነሰ ሐቅ ለጀማሪ የሚያንሰው ለምንድን ነው?

ጀማሪነት ደግሞ እንደዋዛ የሚሳቅበት ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁሮች ለመጀመር እንኳ መብት መጠየቅ ነበረባቸው። በ1937 ዌክ ሮቢን የተባለ የጎልፍ ክለብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች የተሻለ ሜዳ እንዲሰጣቸው ለመንግሥት አቤት አሉ። በ1939 ላንግስተን የተባለው ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ ይዞ ተከፈተላቸው። የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለጥቁሮች እንዲከፈቱ የታዘዘው ደግሞ በ1941 ነው። ያኔ በሩን የዘጋው ሕግና ዘር ነበር። ዛሬ በሩ ተከፍቶ፣ ደፍ ላይ ቆሞ የሚያሸማቅቀው የገዛ ወዳጅ ሲሆን አያሳዝንም?

ይሄን ሁሉ የምለው ለጎልፍ አዝኜ አይደለም። እዚያው ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ ለመናገር አፉን የሚያሟሽ ልጅ አለ። “እማዬ መጣ” ሲል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አጎት ተነስቶ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሦስት ቦታ ያርመዋል። አክስት ደግሞ “ውይ የኔ ጌታ፣ አማርኛህ እንዴት ያምራል!” ትልና ወሬዋን በእንግሊዝኛ ትቀጥልለታለች። ሳቂው፣ መካሪውና አዛኙ ማለት ነው። ልጁ በአሥራ አምስት ዓመቱ አማርኛውን እርግፍ አድርጎ ሲተው፣ ሦስቱም ተቀምጠው “የዘንድሮ ልጆች ቋንቋቸውን ጠሉ” እያሉ ያማሉ። አልጠሉም፤ የምናስጠላቸው እኛ ነን።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። መልካም፤ እግር እስኪያወጣ ግን በየደቂቃው እያነሳን አናገላብጠው። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሲናገር ሳያቋርጡ መስማት፣ ሲጠይቅ መመለስ፣ የሳተውን ስቷል፣ ያገኘውን አግኝቷል ማለት። ቃል ሲጠፋበት ደግሞ አብሮ መፈለግ። የጎልፍ ደንብ ለጠፋች ኳስ እንኳ የሦስት ደቂቃ ፍለጋ ይፈቅዳል፤ ለጠፋ ቃል ስንት ሰከንድ እንታገሥ ይሆን? መሳቅ ካማረን ደግሞ ማን ይከለክለናል? ብቻ ጀማሪው ቀድሞ ይሳቅ፤ እኛ እንከተለዋለን።