ባስተር ኪተንን የጣለው ድምፅ አልነበረም

ስለ ባስተር ኪተን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ታሪክ አለ፤ ፊልም መናገር ሲጀምር የዝምታው ኮሜዲያን ዘመኑ አበቃ የሚል። ይህ አባባል ሰውየውንም ሥራውንም ይበድላል። ኪተን የወደቀው በገዛ ፊልሙ ላይ የነበረውን ሥልጣን ሲነጠቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ካንሳስ ውስጥ የተወለደው ኪተን መድረክ ላይ ነው ያደገው። አባቱ ልብሱ ጀርባ ላይ በተሰፋ የሻንጣ እጀታ አንጠልጥሎ ይወረውረው ነበር። ልጁም አንድ ነገር ቶሎ ገባው፤ ወድቆ ሲነሳ ራሱ ከሳቀ ተመልካቹ ዝም ይላል፤ ፊቱን ካልፈታ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ኋላ «ድንጋይ ፊት» የተባለለት ገጽታ መነሻው ይኸው ነው። ስሜት አልባ ነው የሚሉትን ሐያሲያን አልቀበልም። ዐይኖቹን ልብ ብሎ ላየ፣ ያ ፊት አደጋን እየለካ የሚያስብ ሰው ፊት ነው።

በ1917 ኮሜዲያኑ ሮስኮ አርባክል ወደ ፊልም ሲያስገባው ኪተን ከሁሉ በላይ የጓጓው የካሜራውን አሠራር ለማወቅ ነበር። ይህ ጉጉት በ1928ቱ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ፊልም ፍሬውን ያሳያል። አውሎ ነፋስ የአንድ ቤት ፊት ለፊት ግድግዳ ሙሉውን ይገነድሰዋል፤ ከሥሩ የቆመው ኪተን የሚተርፈው ክፍቱ የላይኛው መስኮት በቆመበት ቦታ ላይ ስላረፈ ብቻ ነው። ግድግዳው እውነተኛ ነው፤ የካሜራ ማታለያ የለበትም፤ በትከሻውና በመስኮቱ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተትም ከስንዝር አይበልጥም። ካሜራው ራቅ ብሎ ሁሉንም በአንድ ቀረጻ ይይዛል። ሳቁ የሚመነጨው ከዚህ ሐቀኝነት ነው፤ ቀረጻው ቢቆራረጥ ኖሮ ተራ ትርኢት ይሆን ነበር።

ኪተን ያለ ሙሉ ስክሪፕት ነበር የሚሠራው። ሐሳብ ሲነጥፍበት ከባልደረቦቹ ጋር ቤዝቦል ይጫወታል፤ መፍትሔው ሲመጣላቸው ወደ ካሜራው ይመለሳሉ። ችግሩ ግን እንደ ቻፕሊንና እንደ ሃሮልድ ሎይድ የፊልሞቹ ባለቤት አለመሆኑ ነበር። በ1926 ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልሙ «ዘ ጀነራል» ገበያው ቀዘቀዘ፤ ተቺዎችም አጣጣሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮዲውሰሩ ጆሴፍ ሼንክ ወደ ኤም.ጂ.ኤም. ስቱዲዮ እንዲዛወር መከረው፤ ኪተንም ፈረመ። ቻፕሊን እንዳይገባበት አስጠንቅቆት ነበር። እዚያ እያንዳንዱ ቀልድ አስቀድሞ በወረቀት ሰፍሮ መጽደቅ ነበረበት።

በስቱዲዮው የሠራቸው የድምፅ ፊልሞች እኮ ገቢ አስገኝተዋል! ተመልካቹም ድምፁን አልጠላም። የጠፋው በሰውነቱና በካሜራው መካከል የነበረው ምክክር ነው። በዚህ ላይ መጠጡና የትዳሩ መፍረስ ተደራረቡበትና በ1933 ተባረረ። በኋላ እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ በአነስተኛ ክፍያ ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ ፈጠረ። በ1940 ያገባት ኤሊኖር ኖሪስ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየችውም።

ኪተን በ1966 አረፈ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1989 ለትውልድ እንዲጠበቁ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 25 ፊልሞች አንዱ፣ ያ በወቅቱ የተጣጣለው «ዘ ጀነራል» ነው።