አዲስ መሣሪያና አሮጌ ዘዴ፤ ስለ ሩጫ ማሠልጠን በቢቸናና በሞጣ

ዛሬ ስለ ሩጫ ማሠልጠን በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የመሣሪያ ስም ነው። የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ርቀትንና ፍጥነትን የሚለካ ጂ.ፒ.ኤስ.፣ በውስጡ የካርቦን ንጣፍ የገባበት ጫማ ይጠቀሳል። እነዚህ ሁሉ መልካም ነገሮች ናቸው፤ ይህን አስተያየት ስንጽፍም መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም። የምንነቅፈው መሣሪያው ሲለወጥ የማስተማሩ ዘዴ እንደ ነበረ መቅረቱን ነው። ነገሩንም በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አኳያ እንመለከተዋለን፤ እዚያ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ሜዳ ሰብስቦ ስለሚያስተምር፣ የአንድ ዘዴ ጥቅምና ጉድለት ቶሎ ይታወቃል።

በአገራችን ሁለት አስተሳሰቦች ሲፋለሙ እናያለን። አንደኛው «ደገኛ ነውና ተፈጥሮው ይበቃዋል» ይላል፤ ሁለተኛው «መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ» ይላል። ሲመረመሩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አስተማሪውን ከመካከል ያወጡታል። ሰው ሁሉ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉን ያስታውሳል፤ በኋላው የቆመውን የስዊድናዊውን አሠልጣኝ የኦኒ ኒስካነንን ሥራ ግን ጥቂቱ ብቻ ያነሣዋል። ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ከሞጣ እስከ ደሴ ያለው ደጋ ሁሉ በቆጂ በሆነ ነበር። በበቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር።

«አዲስ» የሚባለው ዘዴም ቢሆን ሁሉም አዲስ አይደለም። ዛሬ በየአሠልጣኙ አፍ የሚነገረውን ኢንተርቫል በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ያስፋፉት አሠልጣኙ ቮልዴማር ጌርሽለርና ሐኪሙ ሄርበርት ራይንዴል ነበሩ። ሥርዓታቸው ቀላል ነው፤ ሯጩ የልብ ምቱ በደቂቃ እስከ 180 እስኪደርስ ይሮጣል፣ ከዚያም ምቱ ወደ 120 እስኪመለስ ያርፋል። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ካልተመለሰ ሩጫው ከዓቅሙ በላይ ነበር ማለት ነውና ይቆማል። የጌርሽለር ተማሪ ሩዶልፍ ሃርቢግ እ.ኤ.አ. በ1939 ስምንት መቶ ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሴኮንድ ሮጦ ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆይቷል። ለዚህ ሥርዓት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁለት ጣትና የሴኮንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ነው። ሁለቱም በቢቸና ገበያ ሳይወጡ ይገኛሉ።

አሁን በእጅ ሰዓቱ የሚሠራበትን ሒሳብ እንመልከት። ብዙ ጊዜ ለተማሪ የሚሰጠው ትእዛዝ «ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ የቀረው የልብህ የመጨረሻ ምት ነው» የሚል ነው። ይህ ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቀድሞ ጥናቶች ተሰብስቦ በግምት የወጣ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው የተመረመረ አይደለም፤ በአንድ ሰው ላይ በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ ዕድሜያቸው 16 ዓመት የሆኑ ሁለት ልጃገረዶችን እናስብ። ሒሳቡ ለሁለቱም 204 ይሰጣል፤ አሠልጣኙም «በመቶው 85 ሩጡ» ቢል ለሁለቱም 173 ይደርሳል። ነገር ግን የአንደኛዋ እውነተኛ የመጨረሻ ምት 192፣ የሁለተኛዋ 214 ቢሆን፣ የመጀመሪያዋ የሮጠችው በመቶው 90 ነው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ከ81 አልዘለለችም። አንዷ ትቃጠላለች፤ አንዷ ትንሸራሸራለች። ሰዓቱ በትክክል ቆጥሯል፤ የተሳሳተው ቁጥሩን ሳይጠይቅ የተቀበለው አሠልጣኝ ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ሰዓት በብርድና በእንቅስቃሴ ጊዜ ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል፣ በደረት ላይ የሚታሰረው ግን እንደሚሻል እግረ መንገዳችንን እናነሣለን።

የከፍታውም ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙዎቹ የፍጥነት ሰንጠረዦች የተዘጋጁት በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚሮጥ ሰው ነው። ቢቸናና ሞጣ ግን ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚያም አየሩ የሚያቀርበው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። አሠልጣኙ ሰንጠረዡን እንዳለ ወስዶ «አልደረስክም» ሲል ልጁ ሰነፍ የሆነ ይመስለዋል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነበር። ይህም አበበ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ ከሮጠው በስምንት ደቂቃ ይዘገያል። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ማሞ ሰነፈ ያለ ሰው የለም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት የሞጣ ልጅ ግን ይኸው ፍርድ አይሰጠውም።

በውጭ አገር «ከፍ ብሎ መኖር፣ ዝቅ ብሎ መሠልጠን» የሚለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው የሌቪንና የስትሬይ ገንደርሰን ጥናት ወዲህ ተስፋፍቷል፤ ገንዘብ ያለውም ኦክስጅን በሚቀንስ ድንኳን ውስጥ ያድራል። ምሥራቅ ጎጃም ድንኳኑን ከእግዚአብሔር ተቀብሏል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰውም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረዱን ያውቃል። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ሆኖም የቆላው ሙቀትና ወባ ሲታሰብ፣ የመጓጓዣውም ወጪ ሲደመር፣ ልጆችን ለፍጥነት ልምምድ ዓባይ በረሃ የሚያወርድ አሠልጣኝ ጥበበኛ ነው ለማለት አንደፍርም።

ታዲያ ምን ዓይነት ዘዴ ይሻላል? እኛ የምንመርጠው ገምቶ መሮጥን ነው። ሜዳው በሜትር ይለካና ምልክት ይተከልበታል። ልጁ ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ አሠልጣኙ ሰዓቱን ሳያሳየው «በስንት ገባህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ግምቱን ከተናገረ በኋላ እውነተኛው ይነገረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ሴኮንድ ይስታል፤ እየቆየ ግን ትንፋሹንና እግሩን ማድመጥ ይማራል። በዚህ ዘዴ መሣሪያው ፈታኝ እንጂ አዛዥ አይሆንም። በትእዛዝ ብቻ የሠለጠነ ሯጭ ሰዓቱ በተበላሸ ዕለት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ከዚህም በቀር ሩጫ በአገራችን የኅብረት ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ሯጮች ጋር የኖረው እንግሊዛዊው ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሯጮቻችን ብቻን መሮጥ ለጤና ብቻ ነው፣ ለመለወጥ ግን ከሰው ጋር መሮጥ ያሻል እንደሚሉ ጽፏል። እያንዳንዱን ልጅ ከራሱ ሰዓት ጋር ብቻ የሚያነጋግር መሣሪያ ይህን ልማድ እንዳያፈርሰው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለ ጫማው በአጭሩ እንናገር። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስትገባ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽላ ነበር። የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 የአሜሪካ ዶላር፣ የተሠራውም ከጥቂት ልምምድ ጋር ለአንድ ማራቶን ያህል ነው። ይህ የላቀ ጥበብ ነው። ገና አጥንቱ ላልጠና፣ በኮሮኮንች ለሚሮጥ ልጅ መግዛት ግን ለጥጃ የእርሻ ቀንበር እንደ መጫን ነው። ያሳሰበንም ወጪው ብቻ አይደለም፤ ወላጅ በሬ ሸጦ ጫማ የገዛለት ልጅ ጉልበቱን ሲያመው «አመመኝ» ለማለት ይደፍራልን?

ይህን ሁሉ ስንል የአካባቢውን ሁኔታ ረስተን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ልኬቱን ሁሉ በስልክ ወደ ሩቅ አገር ልኮ እንደገና የሚቀበል የሥልጠና ዘዴ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕውር ይሆናል። በወረቀት የተጻፈ ግን ይቀራል።

ስለዚህ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ለአሠልጣኝ ገንዘብ የሚሰጥ ክፍል ቢኖር፣ መጀመሪያ የመለኪያ ሜትርና ስቶፕ ዎች ይግዛ፤ ቀጥሎ አንድ በደረት የሚታሰር የልብ ምት መቁጠሪያ ለሁሉም በተራ ይግዛ፤ ጫማው በመጨረሻ ይምጣ። ከሁሉ ጋር ወፍራም ደብተር ያስፈልጋል። በደብተሩ ላይ የልጁ ዕድሜ፣ ጠዋት ከመኝታው ሳይነሣ የተቆጠረ የልብ ምቱ፣ የሮጠው ርቀት፣ የገመተውና እውነተኛው ሰዓት፣ ያመመውም እንደ ሆነ ሕመሙ ይጻፋል። ደብተሩም የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ በመዝገብ ቤት መቀመጥ አለበት፤ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ በተዛወረ ጊዜ የልጆቹ የሦስት ዓመት ታሪክ በሻንጣው አብሮት ከሄደ፣ ተተኪው መምህር ሁሉንም «ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ» ብሎ እንደገና ይጀምራቸዋልና።