ቁርጡባን ስንጎበኝ ምን እናነባለን?

አንደሉስ የሚለው ስም በተነሳ ቁጥር በሙስሊሞች ልብ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ኩራትና ቁጭት። በደቡብ ስፔን የምትገኘው ቁርጡባ፣ ዛሬ ኮርዶባ የምትባለው ከተማ፣ ሁለቱንም በታላቁ መስጊዷ ጣሪያ ሥር ይዛ ጎብኚን ትጠብቃለች። ለመሆኑ ከልጆቹ ጋር እዚያ የሚሄድ፣ ወይም በመጽሐፍና በፊልም የሚያሳያቸው ሙስሊም ቤተሰብ ሕንጻውን እንዴት ሊያነበው ይገባል? (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ሕንጻው ራሱ ይናገር። መስጊዱን በ785 ገደማ ያስጀመረው ከዐባሲዮች ሰይፍ አምልጦ ከሶሪያ የተሰደደው የኡመያዎች ልጅ፣ ቀዳማዊ ዓብዱረሕማን ነው። ግንበኞቹ ከሮማውያንና ከቪሲጎቶች ሕንጻዎች የተረፉ አምዶችን ሰብስበው ተጠቀሙ። አምዶቹ አጫጭር ስለነበሩ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ እያፈራረቁ አንዱን ቅስት በሌላው ላይ ደረቡ። ዛሬ ዓለም የሚደነቅበት ውበት እንግዲህ የተወለደው ለችግር ከተፈለገ መፍትሔ ነው። ተከታዮቹ ገዢዎች መስጊዱን እየደጋገሙ አሰፉት፤ አሁንም ከ800 በላይ አምዶች ቆመዋል። በ960ዎቹ ዳግማዊ አል-ሐከም ያሠራው ሚህራብ በወርቃማ ሞዛይክ ያሸበረቀ ነው። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የሞዛይኩን ጠጠርና ባለሙያውን የላከው የቁስጥንጥንያው ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ነበር።

በ1236 የካስቲሉ ንጉሥ ሦስተኛው ፈርናንዶ ከተማዋን ያዘ፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይሁንና ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የሕንጻው መልክ በአብዛኛው አልተነካም። በ1523 ጳጳሱ በመስጊዱ እምብርት ላይ ትልቅ ካቴድራል ሊያቆም ሲነሳ የተቃወመው ማን ይመስላችኋል? የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ያውም የክርስቲያኖች ምክር ቤት! በሥራው የሚሳተፍ ሰው በሞት እንደሚቀጣ እስከማስፈራራት ደርሶ ነበር። ንጉሠ ነገሥት አምስተኛው ቻርልስ ግን ለጳጳሱ ፈቀደ።

ውጤቱን እንደ ኪነ ሕንጻ እንመዝነው። መስጊዱ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ አምዱ አምዱን እየተከተለ ሲሄድ፣ ሰጋጅ ከሰጋጅ ትከሻ ለትከሻ የገጠመበትን ሶፍ ያስታውሳል። ካቴድራሉ ደግሞ ዓይንን ወደ አንድ መሠዊያና ወደ ላይ ይስባል። ለብቻው ቢቆም ያማረ በተባለ ነበር፤ እዚህ ግን ጸጥ ያለ ንግግር መሐል እንደሚጮህ ሰው ነው። ሆኖም ፍትሕ አይጓደል። የሴቪል ታላቅ መስጊድ ለካቴድራል ሲባል ፈርሶ ሚናራውና ግቢው ብቻ ቀርተዋል። የቁርጡባው ቢቆስልም ቆሟል።

ዛሬ የሚያሳስበው የስሙና የትረካው ጉዳይ ነው። ሀገረ ስብከቱ በ2006 ሕንጻውን በ30 ዩሮ በራሱ ስም አስመዘገበ። ለጎብኚዎች ይታደሉ የነበሩ በራሪ ወረቀቶችም "ካቴድራል" የሚለውን ስም አጉልተው "መስጊድ" የሚለውን አሳንሰው ቆዩ፤ ይህንን ከስፔናውያን መካከል ብዙዎች አጥብቀው ተቃውመዋል። ሙስሊም ጎብኚ እዚያ ሶላት መስገድም አይፈቀድለትም። አራት መቶ ሃምሳ ዓመት የተሰገደበትን ቦታ እንደ አጭር የመሸጋገሪያ ምዕራፍ መተረክ፣ ከመጽሐፍ ገጽ ቀድዶ የቀረውን ሙሉ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ገጽ የምንቀድደው እኛስ የለንም? በ997 አል-መንሱር የሳንቲያጎን ቤተ ክርስቲያን ደወሎች ዘርፎ አምጥቶ የዚሁ መስጊድ ፋኖስ አደረጋቸው፤ ፈርናንዶ ከተማዋን ሲይዝ መልሶ ላካቸው። የአል-ሐከም ቤተ መጻሕፍት በዓለም የታወቀ ነበር፤ ከመጻሕፍቱ መካከል የፍልስፍናዎቹን እየለየ ያቃጠለው ይኸው አል-መንሱር ነው። ከ936 ጀምሮ በከተማዋ አቅራቢያ የተገነባችውን መዲነቱ ዘህራን በ1010 ገደማ የዘረፏትና ያፈረሷት በእርስ በርስ ጦርነት የተነሱ ሙስሊም ወታደሮች ናቸው። የቁርጡባ ኸሊፋነት ያከተመው በ1031፣ ፈርናንዶ ከመድረሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ዛሬ በከተማዋ ሐውልት የቆመለት የቁርጡባው ልጅ ኢብን ሩሽድስ በ1195 ለግዞት የተዳረገው በማን ትእዛዝ ነበር? በሙስሊሙ ኸሊፋ አይደለምን?

ይህንን የምናነሳው ቁስል ለመቧጠጥ አይደለም። "ነበረን፣ ተወሰደብን" የሚለውን ብቻ የሰማ ልጅ የሚወርሰው ቂምና ጉራ ነው፤ ሁለቱም እጅን ለሥራ አያነሳሱም። እንዴት እንደተገነባና እንዴት ከውስጥ እንደተናጋ አብሮ የሰማ ልጅ ግን ድርሻውን ይጠይቃል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ቁርጡባን የመጎብኘት ዕድል ቢገጥማችሁ፣ ወይም ፎቶዋን ብቻ ይዛችሁ ቤታችሁ ብትቀመጡ፣ ቀዩንና ነጩን ቅስት ለልጆቻችሁ አሳይታችሁ ይህንን ጠይቋቸው፦ "አምዶቹ አጫጭር ነበሩ፤ ግንበኞቹ ምን አደረጉ?" መልሱን ካገኙ በኋላ ስለ ኸሊፋዎቹና ስለ ጦርነቱ ብትነግሯቸው ይደርሳል።