ማሳውን ሳታይ አታሞግስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ቮልሱን ይዞ መጣ። አዲስ ዲናሞ፣ አዲስ ባትሪ፤ ሞተሩም ታጥቦ ያብረቀርቃል። «ጋሼ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ይለኛል። መብራቱ ግን እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ያቃስታል።

የተለመደውን በአጭሩ ልበል፤ ፑንቲና 0.4 ሚሊሜትር፣ ቫልቭ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15፤ ይህን የማያውቅ ሞተር አይንካ። ቺንጊያው ዲናሞውንም ማራገቢያውንም ስለሚያዞር ቀይዋ መብራት ከበራች ቁም። ካንዴላው ከጠቆረ ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስታውስ፤ በስስ አየር ቤንዚን ይበዛበታል። አለቀ።

አሁን ወደ ማሳ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ሻንሲው የምትሄድ፣ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነች ገመድ አለች፤ ማሳ የምንለው እሷን ነው። ባትሪው ለሞተሪኖው የሰጠው፣ ዲናሞውም ለባትሪውና ለመብራቱ የሰጠው የሚመለሰው በእሷ ነው። እሷ ከዛገች ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ሞተሪኖ ሲመታ የቤንዚን መስጫው ገመድ ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ።

«በኦም ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ተለማማጅ ያናድደኛል። ለቴስተር አንዲት የተረፈች ክር ትበቃዋለች፤ ሞተሪኖ ግን ከመቶ አምፔር በላይ ይጎትታል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ በማሰሪያው ሳይሆን በእርሳሱ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ እርቃን ብረት ላይ ያዝ። ሰው ቁልፍ ያዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ዲናሞ መግዛት ክልክል ነው።

ሶማሌ ተራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቴስተርም አልነበራቸውም። መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ ከሥሩ ይገባሉ። የማሳውን ብሎን ፈትተው ከደረት ኪሳቸው የብርጭቆ ወረቀት ያወጣሉ፤ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቀው ብረቱ እንደ ብር ሲነጣ ያስሩታል፣ ግራሶ ይቀቡታል። ሌላ ጋራዥ «ተቃጥሏል» ብሎ ያወጣውን ዲናሞ መልሰው ሲገጥሙት ቻርጅ ያደርጋል። የሚያስከፍሉት የሻይ ነበር፤ ስለዚህም ማንም አላሞገሳቸውም።

የጎልማሳውን ማሳ ፈታሁት። ከሽሩባው ሦስት ክር ቀርቷል፣ የታሰረውም ቀለም ላይ ነው። ቀየርኩት፤ መብራቱ ግድግዳውን አነጣው። ዋጋውን ስነግረው ቅር አለው።

«ይኼ ብቻ ነው የሠሩት?» አለኝ።